ውሃውን የሚያዘው ድምፅ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። አራት ኪሎ ነው የምቀዳው፤ ከታች ረዳቱ «ፒያሳ፣ ፒያሳ!» ሲል ከተሰማችሁ አትገረሙ።

ሰሞኑን ልቤን የሰረቀው ነገር አለ። ፈሳሽ ውስጥ ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች በድምፅ ብቻ ተሰብስበው ቅርጽ ይይዛሉ። ማንም ሳይነካቸው!

ለምን ያስፈልጋል? ዕቃ ሲያንስ መያዣው ይቸግራላ። ከፀጉር የቀጠነች ነገር በወረንጦ ብትይዟት እንኳ ትጣበቃለች እንጂ አትለቅም፣ ሕያው ሴል ከሆነች ደግሞ ትጎዳለች። ሺዎቹንስ አንድ በአንድ ማን ይደረድራል?

ታሪኩ የቆየ ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት ክላድኒ በፈረንጆቹ 1787 ባሳተመው ሥራ፣ ሳህን ላይ አሸዋ በትኖ ጠርዙን በቫዮሊን ደጋን ሲፈገፍገው፣ አሸዋው ሳህኑ በማይንቀጠቀጥበት መስመር እንደሚሰለፍ አሳየ። በጣም የላመ ዱቄት ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዱቄቱ ይበልጥ የሚንቀጠቀጠው ቦታ ላይ ሄዶ ይከመራል። ለምን? መልሱን እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ በ1831 ሰጠ። ሳህኑ አየሩንም ያንቀሳቅሳል፣ አየሩም ቀላሉን ዱቄት ጠርጎ ይወስደዋል። ማረጋገጫው ነው እኔን የሚገርመኝ፦ አየሩን መጥጦ ሲያወጣው ዱቄቱም እንደ አሸዋው ወደማይንቀጠቀጠው መስመር ሄደ።

ፈሳሽ ውስጥም ያው ፉክክር አለ። በሴኮንድ 2 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ፣ ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ውሃ ውስጥ የሞገዱ ርዝመት 0.74 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በጠባብ ቦይ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ ተለቅ ያሉትን ቅንጣቶች ገፍቶ ያሰልፋቸዋል። ከ1 ወይም ከ2 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በታች ሲሆኑ ግን ግፊቱ ያቅተዋል፣ ውሃው ራሱ እየዞረ ይዟቸው ይሄዳል። ብዙ ሰው ይሄን ዙረት እንደ ጣጣ ያየዋል። እኔ ግን ሀብቱ እዚያ ነው ባይ ነኝ። ድምፅ ውሃውን ይቀርጻል፣ ውሃው የያዘውን ያደራጃል፤ ቅርጹን መቀየር ሲያምራችሁ የምትነኩት ድምፁን ብቻ ነው። ተመራማሪው ኡትካን ደሚርጂ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2014 ያሳዩት ይሄንኑ ነው፦ የውሃ ፊት ላይ ሞገድ አስነስተው ሴሎችን ጭምር በተፈለገው ቅርጽ ሰበሰቡ።

አሁን ደግሞ በዓይን የሚታየውን ላውራችሁ። ተራ ስፒከር ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ዝርግ ሳህን አጥብቁበት፣ ትንሽ ውሃ ጨምሩ፣ የቡና ዱቄት ነስንሱ። 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ፣ ክፈቱና ድምፁን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። የሆነ ቦታ ላይ የውሃው ፊት ድንገት ይጨማደድና መረብ ይሠራል፣ ከጫፍ ጫፍ 1 ሴንቲሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ፤ ተበታትኖ የነበረው ዱቄትም እየተጎተተ መረቡን ይከተላል። ደግሞ ውሃው የሚርገበገበው በድምፁ ልክ አይደለም፣ በግማሹ ነው፣ በሴኮንድ 25 ጊዜ። ይሄንንም ያስተዋለው ያው ፋራዳይ ነው፣ በዚያው በ1831!

እዚህ ጎረቤታችን አራት ኪሎ ካምፓስ ፊዚክስ የምትማሩ ልጆች፣ እናንተን በጣም ነው የማስበው። ይሄ ውድ መሣሪያ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ሙከራ አይደለም። ድምፁን የሚያወጣ አፕ ስልካችሁ ላይ በነፃ ይጫናል። ስፒከሩን ብቻ በፌስታል ሸፍኑት፣ ውሃ ከገባበት ይቃጠላል። ከ50 ወደ 80 ስትወጡ መረቡ ምን ያህል እንደሚጠብ በማስመሪያ ለኩና ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አነበዋለሁ።