እስከ በረካ መቆየት

ውድ ሠልጣኞች፣ ልጆቻችሁን ለማበረታታት የመጣችሁ ወላጆች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ ስለ ፎቶ አንሺ ዓይን እንድናገር ነው የተጠራሁት። መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ እንገላገል። «ምን ዓይነት ካሜራ ልግዛ?» የማይለኝ ሰው የለም። ለጊዜው ምንም አትግዙ። በእጃችሁ ያለው ስልክ ይበቃል።

ግርማ በርታን ታውቁታላችሁ። የአዲስ አበባን ጎዳና በአይፎን አነሳ። ሊስትሮውን፣ ዕቃ ተሸካሚውን፣ ነጠላ ያጣፉትን እናት፣ በየቀኑ አጠገባችን የሚያልፉትን ሰዎች ማለት ነው። ከዚያ በዙሪያቸው ያለውን ግርግር በሙሉ አወጣና ከነጥላቸው በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ አቆማቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የፎቶ ድርጅቱ ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም ከሰጡት ሽልማት አንዱን ወሰደ። እነዚያን ሰዎች እኮ እኛም እናያቸዋለን! እሱ የሠራው ትልቁ ሥራ መቀነስ ነው። ምን እንደሚቀነስ ለማወቅ ደግሞ ቆሞ ማየት ይጠይቃል።

እኔም የምላችሁ ይህንኑ ነው። ዓይን የሚሠለጥነው አንድ ቦታ በመቆየት ነው። ጀማሪ ሁሉ ላሊበላ ወይም ዳሎል ካልሄድኩ ይላል። ሂዱ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ግን መጀመሪያ የምታነሱት ካላንደር ላይ ያያችሁትን ፎቶ ነው። ቦታው አዲስ ሲሆን ዓይን የሚያውቀውን ይፈልጋል።

ስለዚህ ከቤት እንጀምር። እናታችሁ ቡና ስታፈላ አንድ ጥግ ያዙ። አቦሉ ላይ ካሜራውን ስታይ ፀጉሯን ታስተካክላለች፣ ቀና ትላለች፣ «ቆይ ነጠላዬን ልልበስ» ትላለች። አንሱላት፣ ደስ ይበላት። ያ የእሷ ፎቶ ነው። ቶናው ላይ ወሬው ይደራና ትረሳችኋለች። በረካው ሲደርስ ደግሞ እናንተም ራሳችሁን ትረሳላችሁ። ያኔ እጇ መታየት ይጀምራል። ጀበናውን ስታዘነብል አውራ ጣቷ የት እንደሚያርፍ ታያላችሁ። ዕድሜ ልካችሁን ያያችሁትን እጅ ማለቴ ነው።

እዚያው እያላችሁ ዕጣኑን ተመልከቱ። መስኮቱ ከጀርባችሁ ከሆነ ጭሱ እምብዛም አይታይም። ተነሱና ወዲያኛው ጎን ዞራችሁ ተቀመጡ። አሁን ብርሃኑ ከጭሱ ኋላ መጣ። ከጭሱ ጀርባ ጨለም ያለ ግድግዳ ካለ እያንዳንዱ ክር ነጭ ሆኖ ይወጣል። ዕጣኑ ያው ዕጣን፣ መስኮቱም ያው መስኮት ነው። የተነሳችሁት እናንተ ናችሁ።

ነጠላዋን ከለበሰች ደግሞ ጉድ ይመጣል። ካሜራ ነጭ ነገር ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ያጨልማል። ነጠላው አመድማ ይሆናል፣ ፊቷም ይጠቁራል። ስልኩ ላይ ፊቷን ነካ አድርጉና ብርሃኑን ከፍ አድርጉት። ነጠላው ትንሽ ቢፈዝ ችግር የለውም። ፊቷ ይበልጣል። እባካችሁ፣ በኋላ በፊልተር ፊቷን ለማቅላት አትሞክሩ። እናታችሁ እናታችሁን ትምሰል።

ውጭ ስትወጡ የቀትር ፀሐይን ተጠንቀቁ። በተለይ በሚያዝያና በነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ የምትሆንባቸው ቀናት አሉ። ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ሰው ሁሉ ያልተኛ ይመስላል። ሰውየውን ከበረንዳ ሥር ወይም ከሱቅ በር ገባ አድርጉት። ወደ ማታ ያለው ወርቃማ ብርሃን ደግሞ አገራችን ላይ አጭር ነው፣ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ቦታችሁን ቀድማችሁ ካልያዛችሁ ያመልጣችኋል።

ሥዕልም እዩ። ሚካኤል ጸጋዬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሥዕል ነው። የዘይት ቀለም አለርጂ ሆነበትና ወደ ፎቶ ዞረ። እኛ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ትልቅ ትምህርት ቤት አለን። በጥንቱ ሥዕል ቅዱሱ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያየናል፣ ክፉው ግን በጎን በአንድ ዓይን ይሳላል። ሠዓሊው ፊትን በየት በኩል ማሳየት ትርጉም እንዳለው ገብቶታል። እኛ ግን የቆምንበት ቦታ ስለተመቸን ብቻ እናነሳለን።

«አይዳ ሙሉነህስ ዳሎል ሄዳ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አይዳ ስለ ውኃ ችግር የሚናገሩ ፎቶዎቿን ያነሳችው ዳሎል ላይ ነው። ግን ደማቅ ልብሱንም፣ የፊት ቀለሙንም፣ የምትለውንም ነገር ይዛ ነው የሄደችው። ቦታው ሐሳብ እንዲሰጣት አልጠበቀችም።

አንድ ነገር ሳልናገር ብወርድ ቅር ይለኛል። ሰው ስታነሱ አስፈቅዱ። «እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» ማለት አፍ አያቆስልም። እምቢ ካሉ «ይቅርታ» ብሎ መሄድ ነው። ከሩቅ በትልቅ ሌንስ የለማኝ ፊት መስረቅ ለእኔ ጥበብ አይደለም፣ ስንት ሽልማት ቢያመጣም።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። ሻያችሁን ጠጡና ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ግቢው ውጡ። አንድ በር፣ ወይ አንድ ዛፍ፣ ወይ አንድ ወንበር ምረጡ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከዚያ ነገር አትራቁ። መቀመጥ፣ መንበርከክ፣ መዞር ይቻላል። ፍላሽ አጥፉ። ስትመለሱ ከእያንዳንዳችሁ ሦስት ፎቶ ብቻ አያለሁ፣ የትኞቹን እንደምታሳዩኝ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ለምን ሌሎቹን እንደጣላችኋቸው እጠይቃለሁ፣ ተዘጋጁ።

አመሰግናለሁ።