ለ3 ሰዓት 20 ጉዳይ ላይ የተጠጣ ቡና

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ባለፈው እሑድ የገጠመኝን ላውራችሁ።

ቅዳሴው 3 ሰዓት ነው። ለ3 ሰዓት 20 ጉዳይ ላይ ስኒ ይዤ ቆሜ ሂሳብ እሠራለሁ። ንባቡ፣ ስብከቱ፣ መዝሙሩ... ቁርባኑ ከ3 ሰዓት ከ45 በፊት አይደርስም። 5 ደቂቃ ይተርፈኛል! ጠጣሁት።

ሕግ አልጣስኩም። እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ ያደግሁትም ወላይታ ሶዶ፣ በላቲን (በሮማ) የቅዳሴ ሥርዓት ነው። የሚጠበቅብን ከመቁረባችን በፊት የ1 ሰዓት ጾም ነው። የሚቆጠረውም እስከ ቁርባኑ እንጂ ቅዳሴው እስኪጀመር አይደለም። ውሃና መድኃኒት ይፈቀዳል። አረጋውያንና ሕመምተኞች፣ አስታማሚዎቻቸውም ጭምር፣ ሰዓቱ ባይሞላም መቀበል ይችላሉ።

ይህን ለአንዲት ኦርቶዶክስ ጓደኛዬ ስነግራት በሳቅ ፈነዳች። እነሱ 18 ሰዓት ነው የሚጾሙት። «አንድ ሰዓት? እኔ እኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ብቻ ከዚያ በላይ እጾማለሁ» አለችኝ።

ድሮ እኛም ጋ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውሃ እንኳ አይቀመስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ ውሃ ፈቀዱ። በ1957 ጾሙ 3 ሰዓት ሆነ። በ1964 ደግሞ ጳውሎስ 6ኛ ወደ 1 ሰዓት አወረዱት። አያቴ ግን ወሬው የደረሳት አይመስለኝም። እስክትሞት ድረስ ከሌሊት ጀምራ አፏን ዘግታ ነው የቆረበችው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። «ጌታ ሆይ፣ ከቤቴ ጣራ በታች ልትገባ አይገባኝም» የምንልበት ቦታ ደረስን። አፌ ይላል፣ እኔ ግን ታላቅ እህቴን አሰብኩ። ሐሙስ ዕለት በእማዬ የመድኃኒት ገንዘብ ተጣልተን ነበር። ዓርብ 3 ጊዜ ደወለች። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ለቡናው ደቂቃ የቆጠርኩ ሴትዮ፣ ይቺን ግን ከቁጥር አላስገባኋትም።

ከባድ ኃጢአት ያለበት ሰው ሳይናዘዝ አይቆርብም። የእኔ ከባድ ይሁን አይሁን እንጃ። ብቻ እግሬ አልነሳ አለ።

እናንተ፣ እኛ ጋ ወንበር ላይ መቅረት ቀላል አይደለም! ረድፉ ሁሉ ይነሳል። ጉልበቴን ወደ ጎን አድርጌ ሰው አሳለፍኩ። አንዲት እናት ክርኔን ነካ አድርገው «ተነሽ እንጂ ልጄ» አሉኝ። «ይለፉ እማማ» አልኩ። ፊቴ ጋለ።

ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ሆኜ ለእህቴ ደወልኩ። አላነሳችም። ደገምኩ፣ ሠለስኩ። አላነሳችም። ማታ መልእክት መጣ፦ «መድኃኒቱን ገዝቻለሁ። ግማሹን ላኪ።»

በቴሌብር ላክሁ። ትንሽ ቆይታ ራሷ ደወለች። ስለ ገንዘቡ ምንም አላነሳንም፣ ስለ እማዬ ጉልበት ብቻ አወራን።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከሰዓት ሄጄ ተናዝዤ መጣሁ። የነገውን ቡና ግን ገና አልወሰንኩም።