የግድግዳው እግር፦ የድሮ ጭቃ ቤት ሳይፈርስ ለአዲስ ሥራ ሲዘጋጅ

ሰናይት፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጡ፣ ኮተቤ ውስጥ ለውስጥ፣ አቃቂም ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የምታውቁት ቤት አለ። ቋሚው ባህር ዛፍ፣ ግድግዳው ጭቃና ጭድ፣ ላዩ ሲሚንቶ የተለሰነ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ዕድሜው 40ም 60ም ዓመት ይሆናል። ባለቤቱ ካፌ ወይም የልብስ ስፌት ወይም የልጆች ማንበቢያ ሊያደርገው ያስባል። ከዚያ አንድ ሰው ይመጣና "አፍርሰህ በብሎኬት ሥራው" ይለዋል።

ብሩክ፦ ምክሩ የሚመጣው የግድግዳው ሥር ተጎድቶ ስለሚታይ ነው። ከጉልበት በታች ልስኑ ረግፏል፣ ጭቃው ተሸርሽሯል፣ ማገሩ ወጥቷል። ያንን ያየ ሰው ቤቱ አለቀለት ይላል። ከወገብ በላይ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ደህና ነው።

ሰናይት፦ መሀል ከተማም ልዩነቱ ትንሽ ነው። ፒያሳ ላይ በ2016 ከፈረሱት አሮጌ ቤቶች መካከል ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨትና ጭቃ የነበሩ አሉ። እንጦጦ ያለው የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥትም የእንጨትና የጭቃ ሥራ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሟል። ስለዚህ "ጭቃ አይበረክትም" የሚለውን ትተን ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንይ።

ብሩክ፦ ከጣሪያው እንነሳ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 60 ካሬ ጣሪያ ላይ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 1,800 ሊትር ይሆናል። ዘጠኝ በርሜል ማለት ነው። አሸንዳ ከሌለ ያ ሁሉ ግድግዳው ሥር ይወርድና መሬቱን መትቶ ወደ ልስኑ ይረጫል። ልስኑ የሚረግፈው እስከ 40 ወይም 50 ሳንቲም ድረስ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ፍንጣሪው የሚደርሰው እስከዚያ ነው።

ሰናይት፦ አሸንዳ ኖሮም እኮ ይበላሻል።

ብሩክ፦ አዎ፣ ቅጠል ሲደፍነው ወይም ዝቅታው ሳይጠበቅ ሲቀር። በየአንድ ሜትሩ ቢያንስ ግማሽ ሳንቲም ዝቅ ማለት አለበት። ጫፉ ላይ የሚወርደው ቱቦ ደግሞ ግድግዳው ሥር ካፈሰሰው ምንም አልተሠራም፤ ራቅ አድርጎ ቦይ ውስጥ መጣል ነው። የጣሪያው ክንፍ አጭር ከሆነም በሞራሌ (ቆርቆሮ በሚመታበት ቀጭን እንጨት) አስረዝሞ ከግድግዳው 60 ሳንቲም እንዲወጣ ማድረግ ከየትኛውም ቀለም ይበልጣል።

ሰናይት፦ ሁለተኛው ውሃ ከመንገድ የሚመጣው ነው። ሰፈሩ ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ይላል፣ ግቢውም በየጊዜው አፈርና ጠጠር ይጨመርበታል። በመጨረሻ ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ይመስላል፤ ድሮ ከመሬት በላይ የነበረው የቋሚው አንገት አፈር ውስጥ ይገባል። ይህ ሲሆን መጀመሪያ የሚሠራው ያንን አፈር ጠርጎ ማውጣት ነው። ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ድረስ፣ በየሜትሩ 5 ሳንቲም ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ አድርጎ መደልደል። ውሃ ልክ ከሌላችሁ ግልጽ ጎማ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ መለካት ትችላላችሁ።

ብሩክ፦ አቃቂ፣ ቃሊቲ፣ ለቡ ያላችሁ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። የእናንተ አፈር ዋልካ፣ ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም አብሮ ያነሳዋል ያወርደዋል። በቤቱ ዙሪያ ሲሚንቶ ብታፈሱ ሁለት ክረምት ሳይቆይ ከግድግዳው ይለያል፣ ስንጥቁም ውሃ መሳቢያ ይሆናል። ወፍራም ላስቲክ አንጥፎ፣ በላዩ አፈር ደልድሎ፣ ጠጠር ማልበስ ይሻላል። እንጦጦ ሥር ያላችሁ ቀይ አፈር ላይ ናችሁ፤ ይህ ጣጣ ብዙም አያገኛችሁም።

ሰናይት፦ አሁን ወደ ቋሚው እንግባ። ምርመራው ካቻቢቴ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከመሬት እስከ 30 ሳንቲም ያለውን ጭቃ አራግፋችሁ እንጨቱን በአራት አቅጣጫ ውጉት። ሁለት ሳንቲም ያለ ጉልበት ከገባ በስብሷል። ከመሬት በታችም ትንሽ ቆፍራችሁ ውጉ፤ ብስባሹ የሚብሰው እዚያ መሬቱ አፍ ላይ ነው። እርጥበትም አየርም አብረው የሚገኙት እዚያ ነዋ። በጣም ጠልቆ የተቀበረው ጫፍ አንዳንዴ ደህና ሆኖ ይገኛል።

ብሩክ፦ በየቋሚው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ ደህና፣ አጠራጣሪ፣ የበሰበሰ። ማዕዘኖቹንና የበሩን ግራና ቀኝ አትዝለሉ። ከአሥር ሦስት አራቱ ብቻ ከተጎዱ ሥራው ቀላል ነው።

ሰናይት፦ አብዛኛው ሰው የተጎዳውን የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ ይተወዋል።

ብሩክ፦ ዘይቱ ላዩን ነው የሚይዘው። ከበሰበሰ በኋላ ምንም አያድንም፣ ጭቃውም አይጣበቅበትም። ትክክለኛው እግሩን መቀየር ነው። አንድ ቋሚ ውሰዱ። ግራና ቀኙን ከላይ ያለውን አግዳሚ እንጨት በሁለት ፑንቴሎ (የመደገፊያ ምሰሶ) ደግፉ፤ ፑንቴሎው ሥር 5 ሳንቲም ውፍረት ያለው ጣውላ ይግባ፣ አለዚያ ለስላሳ አፈር ውስጥ ይሰምጣል። ፑንቴሎ ከሌለ ጠንካራ ባህር ዛፍና ከሥሩ የመኪና ክሪክ ይሠራል። ክሪኩን የምታነሱት ክብደቱ ከቋሚው እስኪወርድ ብቻ ነው፤ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር። "ቤቱን ላስተካክል" ብሎ ሦስት ሳንቲም በአንድ ቀን ያነሳ ሰው ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ይሰነጥቀዋል።

ሰናይት፦ ከዚያ ይቆረጣል።

ብሩክ፦ ጤነኛ እንጨት እስኪገኝ፣ ብዙ ጊዜ ከመሬት 40 ሳንቲም ላይ፣ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ። የበሰበሰው ጉቶ ተነቅሎ ይውጣ፤ ቢቀር ምስጥ ይጠራል። በቦታው 30 በ30 ሳንቲም፣ 60 ሳንቲም ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ሆኖ የተቦካ ኮንክሪት ከመሬት በላይ 20 ሳንቲም እንዲወጣ አድርጉ። ገና እርጥብ እያለ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ እንደ ሹካ ሁለት ክንፍ ያለው ብረት ይተከልበታል። ኮንክሪቱ ሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ ይቆይ። በክንፎቹ መሀል የሚገባው አዲስ ቁራጭ እንጨት ከላይኛው ጋር ተጋጥሞ በሁለት በሁለት ቡሎን ይታሰራል። እንጨቱ ኮንክሪቱን አይነካም፤ የጣት ውፍረት ክፍተት ይተዋል። ምስጥ ቢመጣ ኮንክሪቱ ላይ የጭቃ መንገድ መሥራት ግድ ስለሚሆንበት ታዩታላችሁ።

ሰናይት፦ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ቋሚዎችን በአንድ ጊዜ አትንኩ። አንዱ ክብደቱን ተቀብሎ ሳይረጋ ሌላው አይቆረጥም።

ብሩክ፦ አናጺዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ሌላ ነገር አለ። መሬት ውስጥ የተቀበረ ቋሚ በነፋስ አይጋደልም፤ አፈሩ ይይዘዋል። ሁሉንም ቆርጣችሁ ኮንክሪት ላይ ስታስቀምጡ ያ መያዣ ጠፋ። ስለዚህ በየማዕዘኑ፣ ከታች ቋሚው እግር ወደ ላይኛው አግዳሚ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ሰያፍ እንጨት መግባት አለበት። ያለ ሰያፍ ቤቱ እንደ ክብሪት ቀፎ ይጣመማል።

ሰናይት፦ ቤቱ ካፌ ሲሆን ይህ ይብሳል። ከፊት ለፊት ሦስት ቋሚ አውጥተው ሰፊ መስኮት ይከፍታሉ። ከላይ ያለው እንጨት ያንን ስፋት ለመሸከም አልተሠራም፤ በዓመቱ ይጎብጣል፣ በሩ አልዘጋ ይላል። ሰፊ መክፈቻ ከተፈለገ ከላይ ብረት ወይም ወፍራም እንጨት በሁለት አዳዲስ ቋሚዎች ላይ ጭኖ ማሳረፍ ነው። ቁጠባ እዚህ ላይ አያዋጣም።

ብሩክ፦ ልስኑን እንየው። ጣታችሁን አጥፋችሁ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ አንኳኩ። ድፍን ድምፅ ካለው ተዉት። እንደ ከበሮ ከጮኸ ሲሚንቶው ከጭቃው ተለይቷል። ሲሚንቶ ጭቃ ላይ በዶሮ ሽቦና በሚስማር ተይዞ ነው የሚቆመው፤ ጭቃው በእርጥበት ሲያብጥና ሲሟሽሽ ሲሚንቶው አብሮት አይሄድም። ቀጭን ስንጥቅ ይፈጠራል፣ ውሃ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ጭቃው ውስጥ ለውስጥ እየሟሟ ይወርዳል፣ ከውጭ ቤቱ ገና አዲስ ይመስላል።

ሰናይት፦ የሚጮኸውን ብቻ አንሱ። ከዚያ ታገሡ! ከጥቅምት ጀምሮ ቢያንስ ሦስት አራት ሳምንት ግድግዳው ይድረቅ። ለመጠገኛ የሚሆነው ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ቢያንስ አንድ ሳምንት ተሸፍኖ ይሰንብት፤ በየሁለት ቀኑ ይረገጥ። ሲሸት ደርሷል።

ብሩክ፦ አፈሩን ደግሞ ፈትሹት። ባዶ ሃይላንድ ላይ አንድ ሦስተኛ አፈር፣ የቀረውን ውሃ፣ ትንሽ ጨው። በደንብ በጥብጦ ማቆም ነው። አሸዋው ወዲያው ሥር ይቀመጣል፣ ደቃቁ ከሰዓታት በኋላ፣ ሸክላው በማግስቱ። ለላይኛው ምርጊት ከሸክላው አሸዋው ሁለት እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ዋልካ ብቻውን ሲደርቅ ብትንትኑ ይወጣል። ሦስት ዓይነት ቅልቅል ግድግዳው ላይ እንጀራ አክሎ መርጎ ማየት፤ ሳይሰነጠቅ የደረቀውን መምረጥ።

ሰናይት፦ በላዩ ኖራ። አንድ ኖራ ለሦስት አሸዋ፣ ከአንድ ሳንቲም ያልበለጠ፣ ግድግዳውን አርጥቦ መለሰን፤ ለሳምንት ያህል ከፀሐይ በእርጥብ ጆንያ መጋረድ። ከዚያ እንደ ወተት የቀጠነ ኖራ አራት አምስት ጊዜ፣ በየቀኑ አንድ። ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል። ዓይንና ቆዳ ግን ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ያልበረደ፣ ገና ውሃ ያልነካው ኖራ ከሆነ ምንጊዜም ኖራውን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ኖራው አትጨምሩ፤ ይፈነዳል።

ብሩክ፦ ስለ አዲሱ ሥራ ትንሽ እንበል። የእንጀራ ምጣድ የሚገባበት ከሆነ፣ አንዱ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። የድሮ ቤት የመብራት ሽቦ ብዙ ጊዜ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፣ ያውም ከኮርኒሱ በላይ ደረቅ እንጨትና አቡጀዲ መሀል የተዘረጋ። ለምጣዱ ብቻውን 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ 20 አምፔር ብሬከር፣ በቱቦ ውስጥ፣ ከነመሬት ሽቦው። ፒያሳ ያለው ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 በእሳት ምን ያህል እንደ ተጎዳ ታስታውሳላችሁ፤ ደረቅ አሮጌ እንጨት አንዴ ከያዘው ፋታ አይሰጥም።

ሰናይት፦ ማንበቢያ ከሆነ ጉዳዩ ክብደት ነው። አንድ ሜትር መደርደሪያ መጽሐፍ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። ስድስት ደርብ ሲሆን በየሜትሩ ከ180 እስከ 240 ኪሎ ይሆናል። ጣውላ ወለል መሀል ላይ አታቁሙት፤ ግድግዳው ጥግ፣ የወለሉ ተሸካሚ እንጨቶች ግድግዳው ላይ ጫፋቸው በሚያርፍበት በኩል ይሁን።

ብሩክ፦ ከሌላ ቤት የወጣ በርና ቆርቆሮ መግዛት የምታስቡ ደግሞ፣ በሩን ቀድማችሁ ግዙ፣ መክፈቻውን በበሩ ልክ ሥሩ። ተገልብጦ ከተሠራ በሩ ይላጋል፣ ይቆረጣል፣ መጋጠሚያው ይላላል። ቆርቆሮ ላይ ጌጁን፣ ማለትም የውፍረት ቁጥሩን ጠይቁ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል፣ 28 ከ32 ይወፍራል። አሮጌው ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው ከጉብታው ላይ ከሆነ በጎማ ሚስማር ይደፈናል፣ ከሸለቆው ላይ ከሆነ ግን ያንን ቆርቆሮ ለአጥር አድርጉት።

ሰናይት፦ ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ይመለከተዋል፤ ያለ ፈቃድ በር እንኳን አይነሳም። መዶሻ ከመነሳቱ በፊት ወረዳችሁን ጠይቁ። ያልተመዘገበም ቢሆን የግንባታ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ብሩክ፦ ካቻቢቴውን ይዛችሁ ከሰሜን ማዕዘን ጀምሩ። ክረምት ካለፈ በኋላ ፀሐይ ብዙም የማያገኘው እሱ ነው፣ ዘግይቶ የሚደርቀውም እሱ ነው።