ወደ መጨረሻው ሳንቸኩል

የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ ጓደኞቼ፣ ለአዲሱ የትምህርት ዘመን እንኳን በሰላም ተገናኘን።

ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ በክረምቱ ያነበቧቸውን መጻሕፍት ሲቆጥሩ፣ እኔ ወንበሬ ላይ አንገቴን ደፍቼ ነበር። የሦስተኛ ዓመት የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሆኜ ያነበብኩት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ እሱንም አልጨረስኩትም።

መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። አዎ፣ አንደኛ ዓመት ላይ ተፈትነንበታል፤ እኔም ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ። ለፈተናው ያጠናሁት ግን ማስታወሻዬንና ከነባር ተማሪዎች የወረስነውን የጥያቄ ወረቀት ነበር። ዛሬ ብናዘዝ ውጤቴን የሚነጥቀኝ የለም ብዬ ነው።

ሐምሌ ላይ ደብረ ማርቆስ፣ አያቴ ቤት ገባሁ። አንድ ምሽት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ኩራዝ አጠገብ ሳነብ ጥጥ የሚፈትሉት አያቴ ምን እንደያዝኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እንዝርታቸውን አስቀመጡና «ወጋየሁ የተረከው?» አሉኝ።

አያቴ ፊደል አልቆጠሩም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን ከጎረቤት ጋር አንድ ሬዲዮ ከበው ሰምተውታል። «መጨረሻውን አውቀዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ጀምርልኝ» አሉ። ጀመርኩ። ግማሽ ገጽ ሳልሄድ «ማን ያባርርሃል?» ብለው አቆሙኝ።

ውድነሽ በጣሙ ዘንድ ደረስን። የዋናው ባለታሪክ የበዛብህ እናት ናት፤ ባሎቿ እየሞቱባት «ገፊ» ተብላ ወንድ የፈራት፣ በኋላ አገልጋይዋን ቦጋለ መብራቱን ያገባች። በእኛ ፈተና ላይ ውድነሽ የለችም። በዛብህና ሰብለ ወንጌል አሉ፣ ፊታውራሪ መሸሻ አሉ፣ «የባላባቱን ሥርዓት አብራራ» የሚል አለ። አያቴ ግን «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። አሁንም አስደገሙኝ። ከዚያ ፈትላቸውን እያዩ «አክስቴም ገፊ እንደተባለች ሞተች። ሁለተኛውን ባሏን የገደለው ወባ ነበር» አሉና ዝም አሉ።

ያን ምሽት ከዚያ በላይ አላነበብንም።

ነገ ወደ ክፍል እንመለሳለን። ዘንድሮ የሚጠብቀን የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ነው፤ ከባድ ነው ሲባል ሰምተን፣ መጽሐፉን ሳንገልጥ ማጠቃለያውን የምናፈላልግ እንዳለን አውቃለሁ። መምህራኖቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ፦ በሳምንት አንዲት ሰዓት ስጡን፤ ማስታወሻ ሳንይዝ፣ በየተራ ጮክ ብለን እናንብብ፤ «ድገመው» የሚል ካለም ይድገም። ንድፈ ሐሳቡን ጠልቼ አይደለም። የሚተነተነው ነገር መጀመሪያ በጆሯችን ይግባ ብዬ ነው።

መጽሐፉን ለአያቴ ትቼላቸው መጣሁ። አሁን የምታነብላቸው ሰባተኛ ክፍል የሆነችው እህቴ ናት፤ ከመሃል አልጀምርም ብላ እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥታለች። ባለፈው እሑድ ስደውል ገና ታሪኩ ከሚጀምርበት ከማንኩሳ አልወጡም ነበር።

አመሰግናለሁ።