ክብደት ማንሳት ልጅን አያሳጥርም

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሰልጣኞችና መምህራን፤ እንደምን ዋላችሁ።

ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ልጄ ጂም ገብቷል፤ ቁመቱን ያስቀርበት ይሆን?»

መልሱን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ አያስቀርም። በአሰልጣኝ ዓይን ሥር፣ በአቅሙ ልክ ክብደት የሚያነሳ ልጅ አያጥርም። «የጅምናስቲክ ልጆችስ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ አጫጭር ናቸው። ግን ስፖርቱ ራሱ ትንንሾቹን ይመርጣል፤ ረጃጅሞቹ በጊዜ ይወጣሉ። ቅርጫት ኳስስ ማንን አስረዘመ?

እንዲያውም አጥንት ጫና ይወዳል። ልጁ ሮጦ፣ ዘሎ እግሩ መሬት በመታ ቁጥር አጥንቱ ይጠነክራል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ቴኒስ የሚጫወቱ ሰዎችን እዩ። ራኬት የሚይዘው ክንዳቸው አጥንት ከሌላኛው ይወፍራል። ሰውየው ያው፣ ምግቡ ያው፤ ልዩነቱ ምቱ ብቻ ነው። ዋናና ብስክሌት ለልብ ግሩም ናቸው፤ ለአጥንት ግን ያን ያህል አይደሉም። ዋናተኛ ልጅ ያላችሁ ገመድ ዝላይ ጨምሩለት።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ ልም አጥንት አለ። ልጅ የሚረዝመው በእሱ ነው። በሴቶች ከ13 እስከ 15፣ በወንዶች ከ15 እስከ 17 ዓመት ገደማ ይዘጋል። እስኪዘጋ ድረስ ከጅማቱም ከአጥንቱም ደካማው እሱ ነው። በዚያ ላይ ልጁ በሚመዘዝበት ጊዜ ቁመቱ ይቀድማል፤ የአጥንቱ ጥንካሬ ወራት ዘግይቶ ይደርሳል። በዚህ ዕድሜ የክንድ ስብራት የሚበዛው አንድም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሱሪው ቶሎ ቶሎ የሚያጥርበት ልጅ ላይ ልምምድ አትቆልሉ።

ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ ያለውን እብጠት በጣት ስትጫኑት ፊቱን ካጨማደደ፣ ምናልባት ጅማቱ በማደግ ላይ ያለውን አጥንት እየጎተተው ነው። ኦስጉድ ሽላተር ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ጫናው ሲቀነስ ይሻለዋል። «ቻለው፣ ወንድ አይደለህ?» የሚል አሰልጣኝ ግን ሕመሙን ያራዝምበታል።

የስፖርት ሐኪሞች አንድ ቀላል መለኪያ አላቸው፤ የሳምንቱ የልምምድ ሰዓት ከልጁ ዕድሜ አይብለጥ። የ13 ዓመት ልጅ በሳምንት ከ13 ሰዓት በላይ አይሠራም። ቢያንስ አንድ ቀን ደግሞ ሙሉ እረፍት። ዓመቱን ሙሉ አንድ ስፖርት ብቻ ማሠራትን እኔ በግሌ አልወደውም፤ ሁልጊዜ የሚደበደበው ያው አንድ ቦታ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ግን ብዙ እየሠሩ ትንሽ መብላት ነው። ጉልበት ያጠረው ሰውነት ከዕድገትና ከሆርሞን ይቆጥባል። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ይቀራል፤ ኢስትሮጅን የሚባለው፣ አጥንትን የሚጠብቀው ሆርሞን ይቀንሳል፤ አጥንቷ ይሳሳል። ልጆች አዋቂ ሲሆኑ ከሚኖራቸው የአጥንት ክምችት ሩቡ ገደማ የሚገነባው በፈጣኑ ዕድገት ዙሪያ ባሉት ሁለት ዓመታት ነው። ያኔ ያመለጠውን በኋላ ማካካስ ከባድ ነው። አሰልጣኞች፣ እባካችሁ ልጆችን ሰው ፊት ሚዛን ላይ አታውጡ። ወላጆችም በደንብ አብሏቸው፤ በቀን 1,300 ሚሊግራም ካልሲየም፣ በየሌሊቱ ከ8 እስከ 10 ሰዓታት የሚቆይ እንቅልፍ ያስፈልጋቸዋል።

የሴት ልጃችሁ የወር አበባ 3 ወር ከቀረ፣ ወይም አጥንት ላይ አንድ ቦታ ለይቶ የሚያም ሕመም በእረፍት ካልለቀቀ፣ ውድድሩ ነገም ቢሆን ሐኪም ጋ ውሰዷቸው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ማይኩ ይመጣላችኋል።