ከመጀመሪያው መስመር በኋላ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ውድ ልጆቻችን፤ እንኳን ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ በሰላም አደረሳችሁ!

ሰብሳቢ ጉባኤ ሲከፍት የዓመቱን ሥራ መዘርዘር የተለመደ ነው። እሱን ጸሐፊያችን በሪፖርት ያቀርብላችኋል፤ ወረቀቱም ወንበራችሁ ላይ አለ። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቀን ነው። አምና በዚሁ ጉባኤ ላይ ስለሆነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ልጄ ኦቲዝም አለባት። አሁን 9 ዓመቷ ነው፤ ከሰው ጋር ማውራት ይከብዳታል። ለዓመታት እኔና ባለቤቴ ጉባኤ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አናውቅም ነበር። አንዳችን ውስጥ ስንሆን ሌላችን ከእሷ ጋር ደጅ ነን። መሐል ላይ እንቀያየራለን። ማታ ቤት ስንገባ የትምህርቱን መጀመሪያ እኔ እነግረዋለሁ፣ መጨረሻውን እሱ ይነግረኛል።

ደጅ የቀረነው ወደን አልነበረም። በፊት እንሄድበት በነበረ አንድ ቦታ፣ ልጄ ጆሮዋን ይዛ ስትጮኽ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ «እባክሽ አውጪያት፣ ሰው እየረበሸች ነው» አለኝ። በክፋት ያለው አይመስለኝም። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ በሩን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይረበሽ ነበር።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ስለ ሐና የተጻፈውን ታስታውሳላችሁ። ልጅ ለምና ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ካህኑ ዔሊ አይቶ የሰከረች መሰለው። ገሠጻትም። እሷም ልቧ ያዘነባት ሴት መሆኗን ነገረችው። ከታሪኩ የምወደው ቀጥሎ ያለውን ነው። ዔሊ አልተከራከረም። ወዲያው «በደኅና ሂጂ» ብሎ መረቃት። አንድ ትልቅ አባት በአንዲት እናት ላይ የተሳሳተውን እዚያው አረመ።

ወደ አምናው ልመለስ። ከጉባኤው አንድ ቀን በፊት ከአስተባባሪዎቻችን አንዷ ደወለችልኝ። «ልጅሽን ምንድን ነው የሚከብዳት?» አለችኝ። በእውነት እላችኋለሁ፣ ያን ጥያቄ ከቤተሰብ ውጪ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። «ድምፅ» አልኳት።

ለእኛ ተራ የሚመስለን የድምፅ ማጉያ ብዙ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ሕመም ነው። ግትርነት ወይም ቅብጠት አይደለም። ደግሞ ነገሩ የእነሱ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ጆሮ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው)፣ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል ይበቃል ይላል። ስፒከር አጠገብ የተቀመጠ ሕፃን ከዚያ በላይ ሊሰማ ይችላል።

በማግስቱ ስንመጣ ከኋላ በኩል ያለው ስፒከር ጠፍቶ አገኘነው። በሩ አጠገብ ሦስት ወንበር ተይዞልናል። አንድ ካርቶን ላይ የዕለቱ መርሐ ግብር በሥዕል ተሥሏል። መዝሙር፣ ንባብ፣ ትምህርት፣ ጸሎት፣ ወደ ቤት። ልጄ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አድርጋ የካፖርቴን የታችኛውን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ማሸት ጀመረች። ስትጨነቅ እንደዚያ ታደርጋለች። ባለቤቴ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ። ሦስታችንም ውስጥ ነን! ለእኔ ይኼ ብቻውን በቂ ነበር። ሌላ ነገር አልጠበቅሁም።

ንባቡ መዝሙር 23 ነበር። ወንድማችን «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ብሎ ጀመረና ገጹ ተገለበጠበት። ዝም ተባለ። ቁልፌን የምታሸው ጣት ቆመች። ከዚያ ከጎኔ «የሚያሳጣኝም የለም» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

መጀመሪያ የእሷ መሆኑ አልገባኝም። ባለቤቴ ክንዴን ጨበጠኝ። አንባቢው ቀና አለ፣ አየን፣ ምንም አልተናገረም። ቀጣዩን መስመር አነበበና ሆን ብሎ ቆመ። እሷ ተከተለች። እሱ አንድ፣ እሷ አንድ። እንዲህ እየተቀባበሉ እስከ መጨረሻው ሄዱ። «በእግዚአብሔርም ቤት ለዘላለም እኖራለሁ» የሚለው የደረሰው ለእሷ ነው።

ማንም አላጨበጨበም። ጭብጨባ እንደሚያስደነግጣት አስተባባሪዋ አስቀድማ ነግራችኋለች። እጃችሁን ወደ ላይ አንሥታችሁ ጣቶቻችሁን አወዛወዛችሁላት። ያን ሁሉ እጅ አየችና ሳቀች። እናንተ ጀርባዋን ነው ያያችሁት። እኔ ፊቷን አየሁ።

የት ተማረችው? ደጅ ነዋ! በሩ ላይ ስንቀያየር፣ ከውስጥ የሚመጣውን ስትሰማ። እኛ የምትሰማ አልመሰለንም ነበር።

በኋላ ሳነብ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ አወቅሁ። ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቀ። ከእነሱ የመጀመሪያው ዶናልድ ነው። ይህ ልጅ 2 ዓመት ሳይሞላው ይህንኑ መዝሙር 23ን በቃሉ ይል ነበር። 25 የክርስትና ትምህርት ጥያቄዎችንም ከነመልሳቸው ያውቅ ነበር። ከሰው ጋር ማውራት የከበደው ልጅ የሰማውን ሁሉ ይዞት ነበር።

አንድ ነገር እንዳይምታታ። ልጄ በማግስቱ ማውራት አልጀመረችም። ዛሬም አስቸጋሪ ቀኖች አሉን። ግን አሁን ውኃ ሲጠማት ኩባያዋን ይዛ ትመጣና ከመዝሙሩ «በዕረፍት ውኃ ዘንድ» የሚለውን ትለኛለች። በፊት ማቀዝቀዣው ፊት ቆማ ነበር የምታለቅሰው።

ስለዚህ ዘንድሮም ስፒከሩ ዝቅ ብሏል። ከኋላ የማይሰማችሁ ካላችሁ ወደ ፊት ኑ፣ ቦታ አለ። የጎን ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ መብራቱም ደብዘዝ ያለ ነው። የሚዞር፣ የሚጮኽ ልጅ ካያችሁ አትገላምጡ። ወላጁን ጠጋ ብላችሁ «ምን ላግዝ?» በሉት። ልጅ ይዛችሁ ደጅ የቆማችሁ ካላችሁም ግቡ። ወንበር ይዘንላችኋል።

አሁን ወደ ንባቡ እንሄዳለን። ዘንድሮም መዝሙር 23 ነው፤ አንባቢውም ያው ወንድማችን ነው። ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ይቆማል። ዝምታው ቢረዝምባችሁም እባካችሁ አትሙሉት።

ጉባኤው ተከፍቷል።