ማይኩን ለእንግዳው እንስጥ

ውድ የክለባችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሰኔ 24 አዲሱ የክለብ ዓመት ይጀምራል። የፕሮግራም ኮሚቴውን እንድመራ ስለመረጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ዓመቱ ዕቅድ ተናገሪ ተብያለሁ፤ እናገራለሁ። በፊት ግን ከሆዴ ያልወጣ አንድ ሐሙስ አለ።

ባለፈው ጥር የጋበዝኳቸውን አባባ ታስታውሳላችሁ። በድሮው የድሬዳዋ ባቡር ወርክሾፕ በቶርኖ፣ በብረት መቅረጫው ማሽን ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። ከዚራ ሰፈር ቤታቸው ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ እምቢ አሉ። "እኔ ምን አለኝ ብዬ ነው ሰው ፊት የምቆመው?" አሉኝ። በሦስተኛው ሻይ እየጠጣን እሺ አሉ። በቀጠሯችን ቀን ኮት ለብሰው፣ ክራቫት አስረው መጡ። በዚያ ሙቀት! በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ራሳቸው የሠሩት የማሽን የብረት ጥርስ ነው። መለዋወጫ ጠፍቶ ባቡር በቆመ ጊዜ እንዴት እዚሁ እንደሚሠሩ ሊያሳዩን ነበር። ደብተራቸው ላይ በእጃቸው አሥራ አንድ ገጽ ጽፈዋል።

እኛ ምን አደረግን? ስድስት ተኩል የሚጀመረውን ስብሰባ ሰባት ሰዓት ጀመርን። የክብር እንግዶችን አንድ በአንድ አስተዋወቅን። ከዚያ የመዋጮ ማስታወቂያ። የጉዞ ማስታወቂያ። ፎቶ። ምሳ። ማይኩ አባባ እጅ ሲገባ ለስምንት ሰባት ደቂቃ ቀርቷል። ገና "ቶርኖ ማለት" ብለው ሲጀምሩ ወንበር መንኮሻኮሽ ጀመረ። ድሬ ላይ ስምንት ሰዓት ምን እንደሆነ እዚህ የማያውቅ የለም፤ በርጫው፣ የጫቱ ሰዓት ይጠብቃል። አባባ ደብተራቸውን አጠፉ። ጥርሱን ከጨርቁ ሳያወጡት ተቀመጡ።

በባጃጅ ስሸኛቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። በራቸው ላይ ስንደርስ ብቻ፣ "ልጄ፣ እኛ ጋ ባቡር ያለ ሰዓቱ ቢነሳ የሚጠየቅ ሰው ነበረ" አሉኝ። አቦ፣ አፈርኩ! ዛሬም አፍራለሁ።

ከተማችን እኮ በባቡር የተወለደች ናት። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ስለከበደ፣ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ የመጣው ባቡር እዚህ ሜዳ ላይ ቆመ። መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ነበር የተባለችው። አዲስ አበባ ሐዲዱን ያየችው ከዚያ ወዲህ ነው፣ በ1917 እ.ኤ.አ.። ያን ባቡር በእጃቸው ያቆዩ ሰዎች ጥቂት ቀርተዋል። አንዱ እዚህ ድረስ መጡልን፤ እኛ ግን ፎቶ እንነሳ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ "ትልቅ ሰው ካልተጋበዘ አባል አይመጣም" ትሉኛላችሁ። ትልቅ ማነው? እንዲህ ያለው የክለብ ስብሰባ ከየት እንደመጣ እናስታውስ። በ1905 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ሮታሪ የተባለውን የአገልግሎት ክለብ የጀመሩት አራት ሰዎች ነበሩ። ፖል ሃሪስ ጠበቃ ነው። አንዱ የማዕድን መሐንዲስ፣ አንዱ ከሰል ነጋዴ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ። ሮታሪ የተባለውም በየተራ አንዱ ሌላው ቢሮ እየሄደ ስለሚሰበሰብ ነው። ልብስ ሰፊው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር! እኛ ግን በዚህ ዓመት ከቀፊራ ገበያ አንድም ሰው ጠርተን አናውቅም። ከመጋላ ሰፈር አንድም ልብስ ሰፊ እዚህ መድረክ ላይ አልቆመም። ይሄ ልክ አይደለም። ከተማውን ላገለግል ብሎ ክለብ የገባ ሰው ከተማውን ማዳመጥ አለበት!

በ2011 ክረምት ትንኝ የምታስተላልፈው ችኩንጉንያ ድሬን አልጋ ላይ ሲጥላት ስንቶቻችን ነን መገጣጠሚያችን ተይዞ የተኛነው? ትንኟ የምትነክሰው በቀን ነው። የምትራባውም ክዳን በሌለው የቤታችን በርሜል ውስጥ፣ በንጹህ ውሃ ላይ ነው። ይህን ቤት ለቤት እየዞረች የምታስተምር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በየቀበሌው አለች። ግማሽ ሰዓት ሰጥተናት እናውቃለን? በ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሌሊት ሰው ያወጡ ጎረምሶች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። እነሱንስ?

ስለ ዕቅዱ ባጭሩ። ደወሉ ስድስት ተኩል ላይ ይመታል፣ ማንም ይምጣ ማንም ይቅር። እንግዳው ሠላሳ ደቂቃ ይናገራል፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ጥያቄ ይቀበላል። በወር አንዴ ከአዳራሽ ወጥተን ባለሙያው ሥራው ቦታ ላይ እንሰበሰባለን። የመዋጮውን ጉዳይ ገንዘብ ያዡ ይነግራችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ትናንት ከዚራ ሄጄ ነበር። አባባ የፊታችን ሐሙስ ይመጣሉ። ጥርሱንም ይዘው። ማስታወቂያ ያለው ሰው በወረቀት ጽፎ በሩ ላይ ይለጥፍ። የፊት ወንበሮች ላይ የወርክሾፑ ጓደኞቻቸው ይቀመጣሉ። እኛ ከኋላ እንሆናለን።